«አሸንፋለሁ» ማለት ያስተወኝ የቃለ መጠይቅ ልምምድ

ስድስት ዓመት ከተከሳሽ ጎን ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ለዐቃቤ ሕግነት ስወዳደር የጽሑፍ ፈተናው ብዙም አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ቃለ መጠይቁ ነው። ችሎት ላይ ስለ ሰው ጉዳይ እስኪመሽ ባወራ አይደክመኝም። «እስኪ ስለራስሽ ንገሪን» ስባል ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ከዚህች ጥያቄ ይልቅ እየማለ የሚዋሽ ምስክር ቢሰጡኝ እመርጣለሁ።

ቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ የኦንላይን አገልግሎት አገኘሁ። ለመንግሥት የሕግ ባለሙያነት የሚወዳደሩትን ብቻ ነው የማዘጋጀው ይላል። ስሙን አልጠራም። የምወቅስበትም ስላለ ይቅር። ክፍያው ለሥራ ፈላጊ ኪስ ቀላል አይደለም፤ ሁለት ቀን አመንትቼ ነው የከፈልኩት። የሚሰጡት ሦስት ነገር ነው፦ የጥያቄና መልስ ሰነድ፣ የተቀዱ ቪዲዮዎች፣ ከዚያ ደግሞ ከአሠልጣኝ ጋር በቪዲዮ የሚደረግ ሁለት ጊዜ የልምምድ ቃለ መጠይቅ።

ሰነዱን በአጭሩ ልለፈው። 90 ገጽ ፒዲኤፍ ነው። ግማሹ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚሆን ጥያቄ ነው። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» ዓይነት። መልሶቹም ተዘጋጅተው ቀርበዋል። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ለሚለው የተሰጠው መልስ «ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ሲመዝኑ የሚውሉ ሰዎች ፊት ቀርባችሁ ይህን ስትሉ አስቡት። እኔ ጠያቂ ብሆን ቀጣዩ ጥያቄዬ «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ?» ነበር የሚሆነው።

ቪዲዮዎቹ 12 ናቸው። አሥሩን ባታዩአቸው አይቆጫችሁም። ሁለቱ ግን ጠቅመውኛል።

አንደኛው «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞሽ ያውቃል?» ለሚሉ ጥያቄዎች ስለሚሆነው የአመላለስ ዘዴ ነው። ስታር ይሉታል። ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንቺ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ውጤቱስ? ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ለየትኛውም ሥራ ይሠራል። ቪዲዮው የጨመረው ነገር ለእኛ ለሕግ ሰዎች የሚሆን ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ሁኔታውን ስንተርክ ነው የምናልቀው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን ምን አለ… የክስ ዝርዝር የምንጽፍ ይመስል። «ምን አደረግሽ» የሚለው ጋ ስንደርስ ጠያቂው ሰዓቱን እያየ ነው። ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ዝጉት ይላል። ሞከርኩት። በጣም ከባድ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ 11 ዓረፍተ ነገር ወጣው።

ሁለተኛው ቪዲዮ ስለ «ደንበኛ» ነው። የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ሁሉ ወንጀል አይከስም። መንግሥት ሲከሰስ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከር አለ፣ ውል የሚመረምር አለ፣ ሕግ የሚያረቅቅ አለ። ታዲያ ደንበኛሽ ማን ነው? ኃላፊው ነው? መሥሪያ ቤቱ ነው? ወይስ ሕዝቡ? በግል ስትሠሪ ደንበኛሽ ከፊትሽ ተቀምጦ ያለቅሳል ወይ ይቆጣል፤ ማን እንደሆነ አይጠፋሽም። እዚህ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ኃላፊው የሚፈልገው ነገር ሕጉ ከሚለው ጋር ሲጋጭ ምን ትያለሽ? ከዚህ በፊት ጥያቄው ትዝ ብሎኝ እንኳ አያውቅም ነበር። ቪዲዮውን አቁሜ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ገጽ ጻፍኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የመጀመሪያው አሠልጣኝ ጡረታ የወጡ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ካሜራው ሲከፈት ሰላምታ ሰጡኝ፤ አንድ ገጽ ፋይል ላኩልኝ፤ «10 ደቂቃ አለዎት» ብለው ድምፃቸውን ዘጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ ይጠብቁኛል።

ፋይሉ የተፈጠረ የምርመራ መዝገብ ነው። ሌሊት ሱቅ ተዘርፏል። አንድ ምስክር ከመንገድ ማዶ ሆኖ አይቻለሁ ይላል። የጠፋው ዕቃ አልተገኘም። ተጠርጣሪው በተያዘ በማግስቱ የእምነት ቃል ሰጥቷል። ገጹ ግርጌ ላይ ደግሞ በትንሽ ፊደል አንዲት መስመር አለች፦ ተጠርጣሪው በሦስተኛው ቀን በነርስ ታይቷል፤ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ አብጠዋል።

«ክስ ይመሠርታሉ?»

«አዎ» አልኩ። «የዓይን ምስክር አለ፣ የእምነት ቃል አለ። በዚህ ማስረጃ አሸንፋለሁ።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ላፕቶፑን ነካካሁት።

«ማንን ነው የሚያሸንፉት?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጠሉ። «የነርሷን ማስታወሻ አይተውታል?»

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። አይቼዋለሁ! ስድስት ዓመት የኖርኩት እንዲህ ያለች መስመር እየፈለግኩ አይደል? ፋይሉ በደረሰኝ በሁለተኛው ደቂቃ ዓይኔ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ግን አሁን ወንበር ቀይሬያለሁ፤ «ይሄ የተከላካዩ ሥራ ነው፤ ካየው ያንሳው» ብዬ ዘለልኩት። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ተከላካዩ ካላየውስ? ተከላካይ ከሌለውስ?»

ከዚያ በኋላ ያለው 40 ደቂቃ ለከፈልኩት ገንዘብ ሁሉ በቂ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የወንጀል መከላከል ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያጸደቀውን የዐቃብያነ ሕግ ሚና መመሪያ አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አንብቤው አላውቅም። ማታውኑ አነበብኩት። 24 አንቀጽ ብቻ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። አንቀጽ 16 የእኔኑ ፋይል ያየ ይመስላል። ማስረጃው የተጠርጣሪውን ሰብዓዊ መብት ክፉኛ በሚጥስ ሕገወጥ መንገድ፣ በተለይም በማሰቃየት፣ መገኘቱን የሚያውቅ ወይም ይህን የሚያምንበት በቂ ምክንያት ያለው ዐቃቤ ሕግ፣ ማስረጃውን ድርጊቱን ከፈጸሙት ሰዎች በስተቀር በማንም ላይ አይጠቀምበትም፤ አለበለዚያ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል። በዚህ አያበቃም፤ ድርጊቱን የፈጸሙት ለፍርድ እንዲቀርቡ የማድረግ ግዴታም አለበት። «ከፈጸሙት በስተቀር» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደገምኳት። ቃሉ ተጠርጣሪው ላይ አይሠራም፤ አሠቃዩ ላይ ግን ማስረጃ ይሆናል።

መልስ የማዋቀሪያውንም መንገድ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። ክስ ይመሠረት ወይስ አይመሠረት ስትባሉ ሁለት ደረጃ ውጡ አሉኝ። መጀመሪያ ማስረጃው፦ በሕጋዊ መንገድ የተገኘውን ብቻ ይዛችሁ፣ ተከላካዩ ሊል የሚችለውንም ቆጥራችሁ፣ ጥፋተኛ የማሰኘት እውነተኛ ዕድል አለ? ካለ ወደ ሁለተኛው እለፉ፦ መክሰሱ የሕዝብን ጥቅም ይጠብቃል? የእንግሊዝና ዌልስ ዐቃብያነ ሕግ የሚመሩበት ደንብም በዚሁ ቅደም ተከተል የተሠራ ነው። ማስረጃው ካልበቃ ወንጀሉ የፈለገውን ያህል ቢከብድ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አይደረስም። የእኔን ፋይል በዚህ ስናየው የእምነት ቃሉ ወጣ። የቀረው ከመንገድ ማዶ፣ በጨለማ ያየ አንድ ሰው ነው። «አሸንፋለሁ» ያልኩበት ክስ ይኸው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1935 በበርገር ጉዳይ ያለውንም አነሱልኝ፦ የመንግሥት ጥቅም ክሱን መርታት ሳይሆን ፍትሕ መፈጸሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በብሬዲ ጉዳይ ለተከሳሹ የሚጠቅም ቁም ነገር ያለውን ማስረጃ ከተከላካዩ መደበቅ የፍትሕ ሥርዓቱን እንደሚጥስ ወሰነ። «ግን ቃለ መጠይቁ ላይ ፍርድ አትደርድሪ» አሉኝ። «አንድ ይበቃል። ጠያቂው የሚፈልገው የማስታወስ ችሎታሽን ሳይሆን ያቺን መስመር ስታዪ ምን እንደምታደርጊ ነው።»

ልብ ካላችሁ እዚህ ላይ «አንቺ» ብለውኛል። ልምምዱ እስኪያልቅ «እርስዎ» ነበርኩ። ሲጨርሱ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው «በቃ፣ አሁን አንቺ ልበልሽ» አሉኝ። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ያቺ «እርስዎ» ክፍሉን የእውነት ፈተና አድርጋው ነበር። ወገቤን ቀና አድርጌ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ ዝርክርክነቴን ቆጠሩልኝ። «በመሠረቱ» የሚለውን ቃል 17 ጊዜ ብያለሁ። ረጅሙ መልሴ ስድስት ደቂቃ ፈጅቷል። እስክሪብቶዬን ስጫን ማይክሮፎኑ ውስጥ ጧ ጧ ይላል። እስክሪብቶውን ያን ዕለት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «በመሠረቱ» ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ በመሠረቱ ይህን ስጽፍም ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ።

ሁለተኛው ልምምድስ? ሌላ አሠልጣኝ። 20 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ይቅርታም ጠየቀ፤ ይሁን። ከዚያ ያንኑ ፒዲኤፍ ከፍቶ ከገጽ 3 ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ዓይኑ ወደ ስልኩ ሲሄድ ይታየኛል። ሆን ብዬ አንድ የተሳሳተ መልስ ሰጠሁ። የማስረዳት ሸክሙ በተከሳሹ ላይ ነው አልኩ። «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሸክሙ የከሳሹ ነው፤ ነጻ ሆኖ የመገመት መብት በዓለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ላይ ቁጭ ብሏል፤ የሕግ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚሰማው ነገር ነው። በመጨረሻ የሰጠኝ አስተያየት «ጎበዝ ነሽ፤ በራስ መተማመንሽን ብቻ ጨምሪ» የሚል ነው። ይሄን እናቴም በነፃ ትለኛለች።

ቅሬታ ጻፍኩ። መጀመሪያ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን መልስ መጣ። ሁለተኛ ጻፍኩ። ምትክ ልምምድ ሰጡኝ፤ ቀኑ ከቃለ መጠይቄ በኋላ ሆነ። ሌላም ነገር አለ። የልምምዱ ቅጂ ከሰባት ቀን በኋላ ከገጹ ላይ ይጠፋል። ይህን ያወቅኩት በስምንተኛው ቀን ነው። የእኚያን ሰውዬ 40 ደቂቃ ዳግመኛ ለማየት ብዬ ስገባ ባዶ ገጽ ጠበቀኝ። ደግነቱ ማስታወሻ ይዣለሁ። የምትመዘገቡ ከሆነ ያንኑ ቀን አውርዱት።

እውነተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ከሰነዱ የወጣ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ያው «ስለራስሽ ንገሪን»። 90 ሰከንድ አዘጋጅቼ ስለነበር ተወጣሁት። ከዚያ መሐል ላይ ያሉት ሴት «ስድስት ዓመት ሲከላከሉ የቆዩትን ሰው ነገ ሊከሱ ነው?» አሉኝ። የጥቅም ግጭት ጥያቄ መሆኗ ገባኝ። የቀድሞ ደንበኛዬ መዝገብ ከመጣ ሳልከፍተው ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ ከጉዳዩ እወጣለሁ፤ የነገረኝ ምስጢር ግን ወንበር ስለቀየርኩ አይፈታም አልኩ። ቀጥለው ኃላፊዬ ምክንያት ሳይነግረኝ «ክሱን አንሺው» ቢለኝ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ባዶዋ ወንበር ትዝ አለችኝ። ማታ ማታ ሁለት ገጽ የጻፍኩባት እሷ ነች፤ ሳልንተባተብ መለስኩ። «አሸንፋለሁ» የምትለዋ ቃል አንዴ አፌ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት።

ውጤቱ ገና አልደረሰኝም። ግን ይህን ግምገማ ለመጻፍ ውጤቱን መጠበቅ አያስፈልገኝም። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣለሁ፤ ሦስቱም የመጀመሪያው አሠልጣኜ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መመዝገብ ፈልጋ፣ እሳቸውን መርጣ መያዝ ትችል እንደሆነ ጠየቅኩላት። «አሠልጣኝ በሲስተሙ ነው የሚመደበው» አሉኝ።