ያማሃ ፒኤስአር ኢ373፦ ድሬዳዋ ላይ ግጥምና ዜማ ለሚሠራ ሰው ይሆናል?

ድሬዳዋ ውስጥ ግጥምና ዜማ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ ባንድ ያለው ግን ጥቂት ነው። ዜማ ሲመጣ በስልክ ይንጎራጎራል፣ ይቀዳል፣ ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ ሲከፈት ከየትኛው ድምፅ እንደተነሣ ባለቤቱም ይጠፋዋል። ያለ መሣሪያ የተጀመረ ዜማ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ወይም በትዝታ ተጀምሮ ሳይታወቅ ባቲ ውስጥ ይገባል። ኢ373 የተባለው የያማሃ ኪቦርድ ይህን ችግር በደንብ ይፈታል። አብሮት የሚመጣው አውቶማቲክ አጃቢ ግን እንዳለ ከተጠቀሙበት የሀገራችንን ቅኝት ያበላሻል። መፍትሔ አለው፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ 61 ቁልፎች፣ 622 የመሣሪያ ድምፆች፣ 205 ስታይሎች (የአውቶማቲክ አጃቢው ዓይነቶች) አሉት። ቁልፉ የጣትን ክብደት ይለያል፤ ቀስ ብለው ሲነኩት ቀስ፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ጠበቅ ይላል። ክብደቱ 4.6 ኪሎ ስለሆነ ከሳቢያን ከዚራ ድረስ በባጃጅ ይዞ መሄድ አያስቸግርም። ሁለቱ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው 2.5 ዋት ናቸው፤ ለመኝታ ቤት በቂ ነው፣ ለሠርግ ግን አይታሰብም።

አሁን ወደ ቅኝቱ። ከሲ ብንነሣ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ትዝታ ማይነር ኢና ኤን ወደ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ) ያወርዳል። ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው፤ ማይነሩ ኢና ቢ ፍላት ይሆኑበታል። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እነዚህን በእርሳስ ጽፎ ከኪቦርዱ በላይ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል።

አምባሰልን ልብ ብላችሁ እዩት። ኢም የለበትም፣ ኢ ፍላትም የለበትም። ጀማሪ ግን ስታይል ከፍቶ በግራ እጁ ሲ ሜጀር ኮርድ (ሲ፣ ኢና ጂ አንድ ላይ) ይይዛል፤ ማሽኑም በባሱም በጊታሩም ኢን ይጨምርበታል። ወደ ሲ ማይነር ቢቀይረው ኢ ፍላት ይመጣል። ሁለቱም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። ዘፋኙ ሳይታወቀው ጆሮው ወደ ኮርዱ ይሳባል፣ ዲ ፍላቷን ይተዋታል፣ በሁለተኛው ቀን የያዘው ዜማ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። «ኪቦርድ ላይ ስሠራው ለዛው ጠፋ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ ጥፋቱ የግጥሙም የዜማውም አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ጣት ነው። አጃቢውን የሚያስነሣውን ኤሲኤምፒ (ACMP) የሚለውን ቁልፍ ክፈቱ፤ የኮርድ አያያዙን በፈንክሽን (የማስተካከያው ዝርዝር) ገብታችሁ ስማርት ኮርድ ሳይሆን መልቲ ፊንገር ላይ አድርጉት። ከዚያ በግራ እጅ ሲንና ከሱ በላይ ያለውን ጂን ብቻ ያዙ። ማሽኑ ይህን ሜጀርም ማይነርም ያልሆነ ባዶ ኮርድ አድርጎ ይወስደዋል፤ አጃቢው በሁለቱ ድምፆች ብቻ ይሄዳል። ለትዝታ፣ ለባቲና ለአምባሰል በደንብ ይሠራል፤ የክራር ድርድር የሚሰጠውን ክፍት ስሜትም ያመጣል። አንቺሆዬ ግን ጂ ስለሌለው ይህም አይሆንለትም። ለሱ ሲንና በላዩ ያለውን ሌላውን ሲ ያዙ፤ ያኔ አጃቢው አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል። አንቺሆዬ ላይ የግድ ሙሉ ኮርድ ካስፈለገ ከቅኝቱ ሳይወጡ የሚገኙት ኤፍ ሜጀርና ጂ ፍላት ማይነር ናቸው፤ በግማሽ ድምፅ የሚለያዩ ስለሆኑ እየቀያየሩ መሞከር ደስ ይላል። አምባሰል ላይ ደግሞ ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር አሉ። ኢንትሮና ኤንዲንግ (መግቢያና መዝጊያ) የሚሉትን ግን አትንኩ፤ የራሳቸውን የኮርድ ጉዞ ይዘው ስለሚመጡ ይህን ሁሉ ድካም ያፈርሳሉ።

ምቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጭክጭካ ስታይል ውስጡ የለም። አብዛኛው ስታይል በአራት የሚቆጠር ነው፤ በስድስት የሚሄድ ዜማ በላዩ ሲጫን ቃላቱ ይጨናነቃሉ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 6/8 አድርጎ መነሣት ይሻላል። ከበሮ ካስፈለገ 6/8 የሆነ ስታይል ተመርጦ ኤሲኤምፒ ይዘጋ፤ ያኔ ከበሮው ብቻ ይቀራል።

በምሳሌ እንየው። የወል ቤት ስንኝ ስድስት በስድስት ይቆጠራል፦

ደቻቱ ደረቀ፣ አሸዋው ቀረልኝ፤
ወንዙስ ይመለሳል፣ አንተን ማን ያምጣልኝ።

ግማሹ ስንኝ ስድስት ቀለም (ሲላብል)፣ የ6/8ም አንድ የምት ቤት (ባር) ስድስት ምት፤ ለየምቱ አንድ ቀለም ቢሰጠው ልክ ይገባል። የሚያታልለውም ይኸው ነው። እንዲያ እኩል እኩል ተሰጥቶት ሲዘፈን ንባብ ይመስላል። ትዝታ ማይነር ላይ «ደቻቱ ደረቀ»ን በሲ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ሲ ሞክሩት። «አሸዋው ቀረልኝ» ጂ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ጂ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ ይሁን። ከዚያ የመጨረሻዋን «ልኝ» አንድ ሙሉ ቤት ጨምሩላትና ያዟት። አሸዋው ላይ ቆሞ የቀረው ሰው የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ማን» ትረዘም፤ ጥያቄው እሷ ላይ ነዋ። ግራ እጅ እስከ መጨረሻው ከሲና ከጂ አይነሣም።

እዚህ ላይ ግጥም ጸሐፊዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ እሱም መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ መናገር ነው። «ገና»ም እንዲሁ፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ፈጣን ዜማ መጥበቁን ይውጠዋል፤ «ፍቅሩ አለ» ያልነው «ፍቅሩ» የሚባል ልጅ የተናገረ ይመስላል። ለሚጠብቀው ፊደል ከፊቱ ትንሽ ቦታ ተዉለት፤ ዜማው እምቢ ካለ ቃሉን ለውጡ። ይህን የሚያጋልጠው ቀድቶ ማድመጥ ብቻ ነው።

ወደ መቅዳቱ ስንሄድ ኪቦርዱ ውስጥ የራስን ሥራ የሚይዝ 5 ቦታ አለ። የሚይዘው የተጫወታችሁትን እንጂ ድምፃችሁን አይደለም፤ የማይክ መሰኪያ የለውም። ለድምፅ ስልክ በቂ ነው፦ ስልኩ ከስፒከሩ ይልቅ ወደ አፍ ቀረብ ይበል፣ ቬንቲሌተር ይጥፋ። ድሬዳዋ ላይ ቬንቲሌተር ማጥፋት ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህ ማለዳው ይመረጣል፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጸጥ የሚልበት ሰዓት። ኮምፒውተር ያለው ሰው በዩኤስቢ ገመድ የኪቦርዱን ድምፅ በቀጥታ፣ ያለ ሌላ የድምፅ ካርድ መቅዳት ይችላል፤ ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ የያማሃን ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል።

መብራት ሲሄድስ? ኪቦርዱ ኤኤ (AA) በሚባሉ 6 ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል። ነገር ግን ባትሪ ስላለው ብቻ አይተርፍም፦ ከሶኬት እየሠራ ሳለ ኃይሉ ሲቋረጥ ሊጠፋ ይችላል፣ በመቀዳት ላይ የነበረውም አብሮ ይጠፋል። መብራት የሚመላለስበት ቀን ከመጀመሪያው አዳፕተሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ መሥራት ነው። የሚሞላ ባትሪ ከሆነ በፈንክሽን ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ማስተካከል አይረሳ።

ታይዋን ገበያ ለሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት አዳፕተሩን ገልብጦ ማየት ይበጃል። ከተለያየ አገር ስለሚገባ 110 ቮልት ብቻ የሚል ሊገኝ ይችላል፤ የኛ 220 ነው፣ በሰካችሁበት ቅጽበት ይቃጠላል። የሚወጣው 12 ቮልት መሆኑና የፕላስና የማይነሱ ምልክት ከኪቦርዱ ጀርባ ካለው ጋር መግጠሙ ይታይ። ያገለገለ ከሆነ 61ዱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ አንዴ ቀስ አንዴ ጠበቅ አድርጎ መንካት ነው። ቀስ ሲነካ የማይሰማ ወይም ምንጊዜም የሚጮኽ ቁልፍ ካለ ከሥሩ ያለው ጎማ አቧራ ገብቶበታል ወይም አልቋል። ድምፅ መጨመሪያውን እያዞሩ መንሿሿት አለመኖሩንም ማድመጥ ያስፈልጋል።

ትልቁ ጉድለቱ ድምፅ ማጠፊያ ጎማ (ፒች ቤንድ) አለመኖሩ ነው። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ነው የሚያለቅሰው፤ ኢ373 ላይ የቫዮሊን ድምፅ ቢመረጥም ደረጃ በደረጃ እንጂ መንሸራተት የለም። የክራር ድምፅም የለውም፤ ባለ ናይለን ጊታሩ ይቀርባል። የጠቅላላ ቃኙ ከ427 እስከ 453 ኸርዝ ስለሚንቀሳቀስ ከአንድ ክራር ጋር ማስማማት ይቻላል። አንዱን ድምፅ ብቻ ለይቶ ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም፤ አንቺሆዬን እንደ አዝማሪ ለሚያዜም ሰው ይህ ይሰማዋል። ታላቅ ወንድሙ ኢ473 ማጠፊያውም የማይክ መሰኪያውም አለው፤ አቅም ካለ እሱ ይሻላል። ግጥምና ዜማ ለመጻፍ ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ድምፁን አጥፎ የሚዘፍነው ጉሮሮ ነው።

የዚህ አካባቢ ጆሮ ደግሞ አንድ ቅኝት ላይ አይቆምም። የኦሮምኛው ባንድ አፍራን ቀሎ የተመሠረተው፣ ዓሊ ቢራም ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ የኦሮምኛው፣ የሶማልኛው፣ በዑድ የሚታጀበው ሁሉ ሰፈር ለሰፈር ይሰማል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ላይ የሚመታው ከራቡ የሚባለው ከበሮና እንደ ጭብጨባ የሚጋጨው የእንጨት ከበል አለ። ማሽኑ ይህን ምት አያውቀውም። ስለዚህ ስታይሉን ዘግታችሁ ምቱን ጠረጴዛ ላይ በእጅ መትታችሁ በስልክ ቅዱት፤ ስልኩን በኪቦርዱ ኦክስ (የውጭ ድምፅ ማስገቢያ) መሰኪያ አስገብታችሁ በላዩ ተጫወቱ። ከ205ቱ ስታይሎች ማንኛውም ይህን አይተካም።

ለሙቀቱና ለአቧራው፦ መስኮት ሥር ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አይቀመጥ፣ ሠርቶ ሲያበቃ ነጠላ ወይም አንሶላ ይልበስ። በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግ፤ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ወደ ራስ ይሳብ እንጂ ወደ ውስጥ አይገፋ።