የድመት መቧጨሪያ፦ በቃጫ ገመድ ወይስ በቁራጭ ምንጣፍ?

ድመት የምትቧጭረው ለክፋት አይደለም፤ ያረጀውን የጥፍሯን ቅርፊት ለማራገፍ፣ ሰውነቷን ለማፍታታትና ጠረኗን ለመተው ነው። ታዲያ ምሰሶውን ምን እናልብሰው?

ወጪ፦ ትርፍራፊ ምንጣፍ ካለ በነጻ ያልቃል። ገመድ ግን ብዙ ይፈጃል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ምሰሶ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በ8 ሚሊ ሜትር ቃጫ ለመጠምጠም 30 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

ሥራ፦ ምንጣፉ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ አለቀ። ገመዱን እያጠበቁ መጠምጠም ክንድ ያዝላል።

ስጋት፦ የምንጣፍ ክር ጥፍር ይይዛል። ደግሞስ የወለሉ ምንጣፍ እንደማይቧጨር እንዴት ትነግሯታላችሁ? ቃጫ የሚያስቸግረው ሲላላ ነው።

ወለላችሁ ምንጣፍ ከሌለውና ለትንሽ ድመት ጊዜያዊ ነገር ከፈለጋችሁ ቁራጩ ይበቃል። ለትልቅ፣ ጉልበተኛ ድመት ግን ቃጫው ይሻላል። ግርጌው በሁለቱም ሰፊና ከባድ ይሁን፤ ከተወዛወዘባት ትሸሸዋለች።