ጨቅላ ሕፃን ፎቶ ማንሳትን ባሕር ዳር መማር፦ ምን ያዋጣል፣ ምን ይጎድላል

ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ የጨቅላ ሕፃን ፎቶ አነሳስ ባሕር ዳር መማር ያዋጣል ወይ ለምትሉ፣ ለብርሃኑ ሲባል በጣም ያዋጣል። የተማርኩበት ስቱዲዮ አሠልጣኝ የከተማዋን ፀሐይ ጠንቅቆ ያውቃል። በሕፃኑ አያያዝ ላይ ግን ጉድለት አይቻለሁ።

ውጭ አገር የሚሰጡ ኮርሶች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ» ይላሉ። ለአውሮፓ ልክ ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች በሰሜኑ መስኮት በቀጥታ አትገባም። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በእነዚህ ወራት የደቡቡ መስኮት ይሻላል፤ በበጋው የሰሜኑ። ይህን ሳይጠየቅ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ፍራሹ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ይርቃል። የሕፃኑ አናት ወደ መስኮቱ ሆኖ ብርሃኑ ከግንባሩ ወደ አገጩ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ፣ የአፍንጫው ጥላ ወደ ከንፈሩ ጥግ ይወድቃል፤ የጉንጩ ክብነትም ይወጣል። እግሩ ወደ መስኮቱ ከሆነ ብርሃኑ ከአገጩ ሥር ሽቅብ ይመታውና የአፍንጫው ቀዳዳ ፎቶውን ይሞላዋል። ቤተሰብ በስልክ የሚያነሳው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው። መስኮቱ ላይ ነጠላ አጥፎ መጋረድ ጥላውን ያለሰልሰዋል፤ ጥለቱ ግን ከመስታወቱ ላይ ዘወር ይበል፣ አለዚያ ቀለሙ ቆዳው ላይ ያርፋል። በሌላው ጎን፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ፣ ብርሃኑን የሚመልስ ነጭ ፎም (ቀላል ሰሌዳ) ይቁም። አምፖሉ ይጥፋ፤ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀል ግማሽ ፊት ቢጫ፣ ግማሽ ሰማያዊ ይሆናል። ግድግዳው አረንጓዴ ከተቀባ ነጭ አንሶላ ይሰቀልበት።

ካሜራው ማንዋል (በእጅ የሚስተካከል) ላይ ሆኖ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 2.8 እስከ 4፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/160 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) ከ400 እስከ 1600 ይሁን። ኤፍ 1.8 ላይ ቀርባችሁ ካነሳችሁ ሽፋሽፍቱ ጠርቶ አፍንጫው ይደበዝዛል። በአውቶማቲክ የምታነሱ ከሆነ፣ ሕፃኑ ነጭ ልብስ ሲለብስ ካሜራው ተታሎ ፊቱን ያጠቁረዋል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው።

ምርጡ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ሕፃኑ እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ሰውነቱም ማሕፀን ውስጥ እንደነበረው ይታጠፋል። ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ከቤት የማያስወጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ አራሷ ቤት ድረስ የሚሄድ ስቱዲዮ ምረጡ። የአራስ ክፍል ብዙ ጊዜ ጨለማ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ በነጭ ግድግዳ ላይ አንፀባርቆ መጠቀም መብራት ሲጠፋም ያድናል። ፍላሽን ወደ ኮርኒሱ ማንፀባረቅ የሚሠራው ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ብቻ ነው።

አሁን ጉድለቱ። አገጩን በመዳፎቹ ላይ ያሳረፈ ሕፃን የሚታይበት ፎቶ ሁለት ፎቶ ተጋጥሞ የሚሠራ ነው፦ በአንዱ ረዳት ጭንቅላቱን ከላይ ይይዛል፣ በሌላው እጆቹን ከሥር። ስቱዲዮው ይህን በአሻንጉሊት ብቻ አሳይቶ አለፈ፤ ስለ ማጋጠሙ ምንም አላስረዳም። ተማሪ ይህን ሳያውቅ እውነተኛ ሕፃን ላይ ሊሞክረው ይችላል፣ ይህ ያሳስበኛል። ክፍሉ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ መሞቅ እንዳለበት፣ እግሩ ሲጠቁር ወይም ወይን ጠጅ ሲመስል ሕፃኑ ከታጠፈበት ወይም ከተጠቀለለበት ወዲያው መፈታት እንዳለበትም አልተነሣም። ከመመዝገባችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

በኤዲቲንግ ትምህርቱ ቆዳን ማንጣት እንደ ልማድ ተወስዷል፤ እኔ አልደግፈውም። በመስኮት ብርሃን ቢጫ የሚታይ ቆዳና የዓይን ነጭ ደግሞ ቀለሙ ከመስተካከሉ በፊት ለእናትየው ይነገር፣ ሐኪም ይየው።

ኅትመቱ ደህና ነው። ለ20 በ30 ሴንቲሜትር ፋይሉ 2362 በ3543 ፒክስል ይሁን፤ ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ እንዲያጠፉላችሁ ንገሩ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ አሳትማችሁ ደጅ ወጥታችሁ እዩት፤ ሱቁ ውስጥ ባለው አምፖል ሥር ቀለሙን መለየት አይቻልም።