ሲዲኤ፣ አሶሼት ዲግሪ ወይስ ሞንቴሶሪ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ በሕፃናት ትምህርት ለመሠልጠን ላሰቡ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በዴይኬር (በሕፃናት መዋያ) የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ ሥራው የገቡት በዘመድ ወይም በጓደኛ ጥቆማ እንጂ ሠልጥነው አይደለም። ሥልጠናው የሚታሰበው በኋላ፣ ዳይሬክተሯ «ወረቀት አምጪ» ያለች ቀን ነው፤ ያን ጊዜም ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የቱ ቶሎ ያልቃል?» የሚል ይሆናል። ኪራይና የልጅ ወጪ ላለበት ሰው ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በእርሱ ብቻ የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እኔ ሦስቱን መንገዶች፣ ማለትም ሲዲኤ የተባለውን የሙያ ምስክር ወረቀት፣ የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ አሶሼት ዲግሪና የሞንቴሶሪ ሥልጠናን፣ የማነጻጽረው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ዛሬ በገንዘብ የተገኘው ወረቀት ነገ ወደ ምን ይመነዘራል የሚለው ነው።

ሲዲኤ በሚለው ምሕፃሩ የምናውቀው «ቻይልድ ዴቨሎፕመንት አሶሼት» የተባለ ምስክር ወረቀት መሰጠት የጀመረው በ1975 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ የሚያስተዳድረው ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ካውንስል ፎር ፕሮፌሽናል ሪኮግኒሽን የተባለ ድርጅት ነው። አመልካቿ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀች ወይም ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ አቻ የሆነ የፈተና ማስረጃ) ያላት፣ በስምንት ዘርፎች ተከፍሎ በእያንዳንዱ ከ10 ሰዓት የማያንስ በድምሩ 120 ሰዓት የሠለጠነች፣ ከማመልከቻዋ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥም 480 ሰዓት ከሕፃናት ጋር የሠራች መሆን አለባት። በሳምንት 40 ሰዓት ለምትሠራ ሴት 480 ሰዓት ማለት 12 ሳምንት ስለሆነ፣ ይህ መስፈርት ሳታስበው ይሞላላታል። የሚከብደው ፖርትፎሊዮው ነው፤ በስድስት የብቃት መለኪያዎች ላይ የራሷን አሠራር የምትገልጽባቸውን ጽሑፎች፣ ከወላጆች የሚሰበሰቡ መጠይቆችንና የማስተማሪያ ቁሳቁሶችን ስብስብ ማዘጋጀት ይኖርባታል። ከዚያም ለዚሁ የተመረጠ ባለሙያ ክፍሏ ድረስ መጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል አሠራሯን ይመለከታል፣ ያነጋግራታል፤ 65 ጥያቄዎች ያሉትን የኮምፒውተር ፈተናም በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ውስጥ ትሠራለች። የማመልከቻው ክፍያ ብቻውን ከ400 ዶላር በላይ ሲሆን፣ የሥልጠናው ዋጋ ከዚህ የተለየ ነው።

በሲዲኤ ገበያ ገዢ የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የሥልጠናው ሻጭ ነው፤ ካውንስሉ 120ውን ሰዓት የሚቀበለው ከኮሌጅ ወይም በሕፃናት መምህራን ሥልጠና ልምድ ካለው ተቋም ሲሆን፣ በጉባኤ ላይ የተገኘ ሰዓትም ሆነ አንድ ግለሰብ በግሉ ያስተማረው ትምህርት አይቆጠርም። ስለዚህ «ሲዲኤ አስተምራለሁ» የሚል ሰው ምንም ያህል በቋንቋችን አጣፍጦ ቢያስረዳ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው የማን ማኅተም እንደሆነ ሳይታይ መክፈል አይገባም። ሁለተኛው የዕድሜ ክልል ምርጫ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ከልደት እስከ 36 ወር ላሉ ሕፃናት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ወይም ለቤት ውስጥ ዴይኬር ተለይቶ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የሥራ ሰዓቱም ሆነ ምልከታው ከዚያው የዕድሜ ክልል ጋር መግጠም ይኖርበታል። ሌላ ሰው የጻፈውን ፖርትፎሊዮ መግዛት እንዳለም ይሰማል። የሐቀኝነቱን ጉዳይ ለጊዜው እንተወውና ከንቱ ወጪ ነው፤ ለምልከታ የሚመጣው ባለሙያ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቷን ከልጆች መካከል ነውና።

በሜሪላንድ የሚኖሩ ሰዎች «90 ሰዓት» የሚሉትን ሥልጠና ከሲዲኤ ጋር አያምታቱት። ይህ 45 ሰዓት የሕፃናት እድገት፣ 45 ሰዓት ደግሞ የትምህርት ዝግጅት የያዘ የግዛቲቱ የሥራ መስፈርት ነው። ተቋሙ ተቀባይነት ያለው ከሆነ ሰዓቱ ለሲዲኤው ሊታሰብ ይችላል፤ ብቻውን ግን ወንዙን ሲሻገሩ ወደ ቨርጂኒያ አብሮ አይሻገርም።

አሶሼት ዲግሪ ከዚህ ሁሉ የሚለየው በክሬዲት (በኮሌጅ ትምህርት መለኪያ) የሚለካ መሆኑ ነው። ወደ 60 ክሬዲት ይጠጋል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚማር ሁለት ዓመት፣ ሠርቶ ማታ ለሚማር አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጃል። በአካባቢያችን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ኖቫ እየተባለ የሚጠራው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና በዲሲ ዩዲሲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ያስተምራሉ። ከሙያው ትምህርት ጎን የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ሒሳብና ሌሎች ጠቅላላ ትምህርቶች አሉበት፤ ብዙዎችን የሚያስቆመውም የሕፃናት እድገት ትምህርቱ ሳይሆን ይኸው ነው። በቋንቋ ምዘናው ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣች ተማሪ ወደ መደበኛው ትምህርት ከመድረሷ በፊት ሁለትና ሦስት ሴሚስተር እንግሊዝኛ ልትማር ትችላለች፤ ይህ ጊዜ በኮሌጁ የማስተዋወቂያ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ይሁን እንጂ ዲግሪ የግድ ውድ፣ ሲዲኤ የግድ ርካሽ ነው ማለት አይቻልም። ዜግነት፣ ግሪን ካርድ ወይም የስደተኝነት እውቅና ያላትና ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ፣ ከዚህ ቀደም የባችለር ዲግሪ እስካልያዘች ድረስ፣ የፌዴራሉን ፔል ግራንት ልታገኝ ትችላለች፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ሲሆን የማይመለስ ገንዘብ ነው። ከኮሌጅ ውጭ በግል ተቋም የሚወሰድን የ120 ሰዓት ሥልጠና ግን ፔል አይሸፍንም። ቲች የተባለው ለሕፃናት መምህራን የተዘጋጀ የነፃ ትምህርት ዕድልም በዲሲ አለ፤ በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ከአሠሪ ጋር መቆየትን ስለሚጠይቅ፣ መሥሪያ ቤት ለመቀየር ያሰበች ሰው ውሉን አንብባ ትፈርም።

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ዲግሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንደኛው ወዲያው ወደ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀው «አፕላይድ» የሚባለው፣ ሌላው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር የተቀረጸው ነው። በሕዝብ ትምህርት ቤት ፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ክፍል) ወይም ኪንደርጋርተን ለማስተማር ባችለር ዲግሪና የመምህርነት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ያ ዓላማ ያላት ሰው በመጀመሪያው ከተመዘገበች ኋላ የተወሰኑ ትምህርቶችን እንደገና ልትወስድ ትችላለች። የሁለቱ ስም ልዩነት አንድ ቃል ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ሲዲኤና ዲግሪው በሥራ ቦታ ምን ያህል እንደሚራራቁ የዲሲ ደንብ በግልጽ ያሳያል። በ2016 የወጣው ደንብ በዴይኬር ማዕከላት ለረዳት መምህር ቢያንስ ሲዲኤን፣ ለዋና መምህር ደግሞ ቢያንስ አሶሼት ዲግሪን መስፈርት አደረገ። ሄድ ስታርት የተባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሕፃናት የቆመው የፌዴራል መርሐ ግብርም ከ2007ቱ ሕግ ጀምሮ ተመሳሳይ መሰላል አለው፤ ረዳቷ ሲዲኤ ይኖራታል ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ለማግኘት ትማራለች፣ ዋና መምህርቷ አሶሼት ወይም ከዚያ በላይ ትይዛለች። እንግዲህ ሲዲኤ በሩን ይከፍታል፤ ክፍሉን ግን ለሌላ ሰው ያስረክባል። ከዚህም በላይ በየሦስት ዓመቱ ከ45 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ጋር ካልታደሰ ይወድቃል፤ ዲግሪ ግን እድሳት አይጠይቅም።

ሞንቴሶሪ፣ ልጆች በተለዩ መሣሪያዎች ራሳቸው እየሠሩ የሚማሩበት ዘዴ፣ በማኅበረሰባችን ብዙ የማይነገርለት ሦስተኛ መንገድ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት በሮም የከፈተችው በ1907 ሲሆን፣ በእርሷ ዘዴ የሚያስተምሩ መምህራን ዲፕሎማ የሚሰጡት ሁለቱ የታወቁ ማኅበራት በ1929 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ ማኅበር ኤኤምአይና በ1960 የተመሠረተው የአሜሪካው ማኅበር ኤኤምኤስ ናቸው። ሥልጠናው ከሲዲኤ የጠለቀ፣ ክፍያውም በብዙ እጥፍ የበዛ ነው፤ እያንዳንዱን የማስተማሪያ መሣሪያ ለልጆች እንዴት እንደሚያቀርብ ሠልጣኙ በራሱ እጅ «አልበም» ጽፎ ያዘጋጃል። ለኤኤምኤስ ሙሉ ምስክር ወረቀት ባችለር ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የሌላት ሰው «አሶሼት» የሚባለውን የዚሁኑ ምስክር ወረቀት ዝቅ ያለ ደረጃ ታገኛለች፤ ይህ ከአሶሼት ዲግሪ የተለየ ነው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ግን «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት የተጠበቀ አለመሆኑን ነው፤ በ1967 የተሰጠ ውሳኔ ስሙ የወል ነው ስላለ፣ ማንም የመስመር ላይ ኮርስ ስሙን ሊለጥፍበት ይችላል። የኤኤምአይ ወይም የኤኤምኤስ እውቅና፣ ወይም ማክቴ የተባለው የሞንቴሶሪ መምህራን ማሠልጠኛዎችን የሚመዝን አካል የሰጠው እውቅና ከሌለው፣ ጥሩ የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች አይቀበሉትም። በሌላ በኩል እውነተኛው ዲፕሎማም ቢሆን በተራ ዴይኬር ዲግሪውን አይተካም። ይህን መንገድ የምመክረው ዘዴውን በሥራ ላይ አይታ ለወደደችው፣ ይልቁንም አሠሪዋ ለሚከፍልላት ብቻ ነው።

ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው የመጡ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በአካውንቲንግ ወይም በማኔጅመንት የተመረቀች ሴት ትራንስክሪፕቷን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣ ከዜሮ አሶሼት ስትጀምር ማየት የተለመደ ነው፤ ይህ ሊቀር የሚችል ብክነት ነው። ማስረጃዋን ናሴስ የተባለው የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር አባል በሆነ ድርጅት ብታስገመግም፣ ኮሌጁ ጠቅላላ ትምህርቶቹን ሊቆጥርላትና የሕፃናት ትምህርቶቹ ብቻ ሊቀሩባት ይችላሉ። ግምገማው ግን «ኮርስ በኮርስ» የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ርካሹ ግምገማ የዲግሪውን ደረጃ ከመግለጽ አልፎ ክሬዲቶቹን አይዘረዝርም።

በዚህ ሚዛን፣ የቤት ውስጥ ዴይኬር ለመክፈት ያሰበችና ከልጆች ጋር መዋል የምትወድ ሴት ለቤት ውስጥ ዴይኬር የተለየውን ሲዲኤ ትያዝ፤ ዲግሪው ይቆይላት። ገና ወጣት የሆነችና እንግሊዝኛዋ ለኮሌጅ የሚበቃ፣ ፔልም የምታገኝ ከሆነ፣ ሲዲኤን በግል ተቋም መግዛቷ አይታየኝም፤ የመጀመሪያዎቹን የሕፃናት ትምህርቶች በኮሌጅ ብትወስድ እነዚያው ሰዓቶች ለሲዲኤው 120 ሰዓት ይሆናሉ፣ ክሬዲታቸውም ለዲግሪው ይቀመጥላታል። ወረቀቱ በዚህ ወር ካልመጣ ከሥራ የምትሰናበተው ግን የመምረጥ ዕድሏ ጠባብ ነው፤ እርሷ ሲዲኤውን በፈለገችው ተቋም ትጀምር፣ ነገር ግን ከመክፈሏ በፊት ኋላ ልትማርበት ላሰበችው ኮሌጅ ኢሜይል ጽፋ የዚያን ተቋም ሲዲኤ በስንት ክሬዲት እንደሚቆጥረው ትጠይቅ። መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ትቀበል።