የእማዬን ህመም ያስታገሰችልኝን ነርስ አመስግኑልኝ

ሰላም ለሁላችሁም። የእማዬን አርባ ባለፈው ቅዳሜ አወጣን። ለቅሶ ለደረሳችሁ፣ ድስት ተሸክማችሁ ለመጣችሁ፣ ከሀገር ቤት ለደወላችሁ በሙሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ዛሬ ግን የምፅፈው ስለ አንዲት ነርስ ነው፣ እዚሁ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሆስፒስ፣ ማለትም መዳን ለማይችል በሽተኛ ህመሙን እያስታገሱ እስከ መጨረሻው በሚንከባከቡበት አገልግሎት የምትሰራ የኛው ልጅ ናት። ስሟን እንዳላወጣው አደራ ስላለችኝ ሲስተር እያልኩ ነው የምቀጥለው። ካላመሰገንኳት ግን እንቅልፍም አይወስደኝ።

እማዬ ቆሽቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት፣ ሲያገኙትም ጉበቷ ጋር ደርሶ ነበር። ዶክተሯ በዚህ እድሜዋ ኬሞው ከሚጠቅማት የሚጎዳት ይበልጣል ብሎ ወደ ሆስፒስ አስተላለፈን። ብዙ ሀበሻ ሆስፒስ ሲባል ሰው ወስደው የሚጥሉበት ቤት ይመስለዋል፣ አክስቴም ስትሰማ "እናትሽን ልትጥያት ነው ወይ" ብላ አለቀሰችብኝ። ነገሩ እንደዛ አይደለም፣ ቤታችሁ ድረስ ነው የሚመጡት። ሁለት ሀኪም በሽታው በያዘው መንገድ ከሄደ በሽተኛው ከ6 ወር በላይ አይኖርም ብለው ከፈረሙ ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግስት የአረጋውያን የጤና መድን ማለት ነው፣ ይከፍላል፣ አልጋው፣ ኦክስጅኑ፣ ዊልቸሩ፣ መድኃኒቱ ቤት ይመጣል።

መጀመሪያ ከያዝነው የሆስፒስ ድርጅት ሰራተኞች ጋር ያየነውን ግን ለጠላቴም አልመኝም። ስማቸውን አልጠራም፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ። በመጡ ቁጥር ሌላ ፊት ነው፣ በስልክ የሚያስተረጉመው ሰውዬ ግማሹን ይቆራረጣል፣ እሱ ሲጠፋ ደግሞ የአስራ አራት አመት ልጄን "አያትሽን ጠይቂልን" ይሏታል፣ እስቲ አሁን ህፃን ልጅ አያቷን ስለ ሞት እንድታነጋግር ይደረጋል? ከዛ ያቺን ጥያቄያቸውን ይጠይቃሉ፣ ህመምሽ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው። እማዬ ደግሞ እንግዳ ቤቷ መጥቶ አሞኛል የምትል ሴት አይደለችም። ነጠላዋን ታስተካክልና "ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተስ ደህና ነህ? ቡና ይፈላለት እንጂ" ትላለች። ዜሮ ብሎ ፅፎ ይሄዳል! እኔ ኧረ እያመማት ነው፣ ስንገለብጣት ጥርሷን ትነክሳለች ስላቸው "እሷ ራሷ አላመመኝም እያለች ነው፣ አንቺ ስለተጨነቅሽ ነው" ይሉኛል። ሌሊት ሲደወልላቸው ነርስ መልሳ ትደውላለች ይሉና ሲነጋ ነው የሚደውሉት። ለህመም ብለው ያመጧት የመድኃኒት ሳጥን ፍሪጅ ውስጥ እንደታሸገች ተቀምጣለች፣ መቼና እንዴት እንደምትከፈት የነገረን የለም።

እማዬን የማታውቋት ልንገራችሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው ያሳደገችን፣ አባታችን ቶሎ ስለሞተ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች። ሰፈር ውስጥ የታመመ ካለ አጥሚት ይዛ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት፣ የወለደች ካለች ገንፎውን የምታገነፋው እሷ ናት፣ እድሩ እንኳን ሰው ሲታመም መጀመሪያ ለሷ ነበር የሚነግረው። ሌላውን ስታስታምም የኖረች ሴት ራሷ ስትታመም ሰው ማስቸገር ሞቷ ነው። ይሄንን እኔ አውቃለሁ፣ ወረቀት ላይ ዜሮ የሚፅፈው ልጅ ከየት ያውቀዋል።

አንድ ቀን ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳለቅስ አንዲት እህት ድርጅቱን መቀየር እኮ ትችያለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሜዲኬር ሆስፒሱን የሚፈቅደው በጊዜ ዙር እየከፈለ ነው፣ በየዙሩ አንድ ጊዜ ድርጅት መቀየር ይፈቅዳል፣ መብት ነው፣ ወረቀት መፈረም ብቻ ነው። እንደዛ ነው ሲስተርን ያገኘናት።

ሲስተር እንደገባች ጫማዋን አውልቃ፣ ጉልበት ስማ፣ ወንበሩን ትታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያመምዎታል ወይ ብላ አልጠየቀችም። ስለ ደሴ ጠየቀቻት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት፣ እጇን ይዛ ስታጫውታት ቆየችና "እማማ፣ ሌሊት በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት?" አለቻት። እማዬም "ኧረ ምን መተኛት አለ ልጄ፣ ጀርባዬን ሰንጎ ይዞኝ ቁጭ ብዬ እኮ ነው የማነጋው" አትልም! እኔና ወንድሜ ተያየን። ሌሊት ሌሊት መቁጠሪያዋን ይዛ ቁጭ ስትል የምትፀልይ ነበር የሚመስለን፣ ለኛም ተንፍሳ አታውቅም። ሲስተር ፊቷን እንኳን ሳትለውጥ "አይዞዎት፣ ዛሬ ይተኛሉ" አለቻትና ኪችን ገብታ ዶክተሩ ጋ ደወለች። እንግሊዝኛው ምን ምን እንደተባባሉ፣ ስንት ሚሊግራም ምናምን፣ እኔ አልገባኝም። አንድ የገባኝ ነገር ቢኖር "መድኃኒቱ ሳይስተካከል ከዚህ ቤት አልወጣም" ማለቷ ነው፣ ደግሞም አልወጣችም። ፈረቃዋ አልቆ መሽቶ እዛው ነበረች።

ሞርፊን፣ ያ ጠንካራው የህመም ማስታገሻ ሲባል ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሳ። አጎቴ ከደሴ ደውሎ "ልትገሏት ነው" አለ፣ አክስቴ ተነስታ ቆመች። ሲስተር አልተቆጣችም፣ አጎቴን ስፒከር ላይ አድርጋ በትንሹ ተጀምሮ እያዩ እንደሚጨመር፣ በልኩ ከተሰጠ ህመሙን እንጂ ሰውየውን እንደማይወስድ፣ ሆድ ስለሚያደርቅ አብሮ ማለስለሻ እንደሚሰጥ በትግስት አስረዳችው። በዛ ላይ ፍልሰታ ነበር፣ እማዬ ከቅዳሴ መውጫ በፊት ጠብታም አልቀምስም አለች። ሲስተር ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ "የንስሐ አባትዎን ልደውልላቸው?" ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። አባም በሽተኛ ጾም የለበትም፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ ብለው ፈቱላት። ከዛ በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

የዛን ሌሊት እማዬ ተኛች። ተኛች ስላችሁ በደንብ፣ እያንኮራፋች! በማግስቱ ፀጉሬን ሹሩባ ስሩልኝ አለች፣ ቡናውንም አቅጥናችሁታል ብላ ተቆጣች፣ እኛ ደግሞ ስድቧን ስንሰማ በደስታ አለቀስን። ከዛ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ተረጋግታ ልጆቿን የመረቀችባቸው ናቸው። ከመስቀል በኋላ ነው ያረፈችው፣ ሲስተርም አብራን ነበረች፣ ከንፈሯን በትንሿ ስፖንጅ ማርጠብን ለወንድሜ እጁን ይዛ ነው ያስተማረችው።

ሲስተር፣ እኔ ልከፍልሽ አልችልም፣ የላሊበላው ጌታ ይክፈልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። እናትሽን ያቆይልሽ።

እናንተም ወገኖቼ እናት አባታችሁ ሆስፒስ ላይ ካሉ ዝም አትበሉ። አስተርጓሚ በነፃ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። ሌሊትም ቢሆን ደውሉ፣ 24 ሰአት መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ካልተመቻችሁ ቀይሩ። ዘመድ ምን ይላል አትበሉ፣ ዘመድ ሌሊት አብሯችሁ አያድርም። በተለይ በዲሲና በሜሪላንድ በኩል ያላችሁ ሲስተርን ጠይቁ፣ በድጋሚ እላለሁ ሲስተርን ጠይቁ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ መጀመሪያ እሷን አስፈቅጄ የምትሰራበትን ድርጅት ስልክ እሰጣችኋለሁ። ኮመንት ላይ ስልክ አልፅፍም። ስራ ላይ ከሆንኩ ማታ እመልስላችኋለሁ።