ቲፒ-ሊንክ 841ኤን ራውተር፦ መብራት ለሚመላለስበት ቤት

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ብዙ ቤት የሚሰማው አቤቱታ ያው ነው፤ ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ይላል፣ ከካሜራዎቹ አንዱ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዕቃዎቹ ምንም አልሆኑም፣ አድራሻቸው ነው የተቀየረው። ርካሽ ራውተር ለማን የትኛውን አይፒ (የዕቃውን የኔትወርክ አድራሻ) እንደሰጠ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። መብራት ሲመለስ ሁሉም ባንዴ ተነስቶ አድራሻ ይጠይቃል፤ ትናንት የፕሪንተሩ የነበረው ቁጥር ዛሬ የአንዱ ስልክ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማስተካከል 841ኤን ይበቃል። በሌላው ነገር ግን የሚያስመካ ዕቃ አይደለም፦ 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 300 ሜጋቢት በተግባር አይገኝም፣ አራቱ የገመድ ቀዳዳዎችም ከ100 ሜጋቢት አያልፉም። ለኮንዶሚኒየም ይሆናል፤ ለባለ ሁለት ፎቅ ቪላ አይመከርም።

ዋናው ሥራ ያለው በብራውዘር በሚከፈተው የራውተሩ ገጽ፣ «ዲኤችሲፒ» (አድራሻ ማደያው) በሚለው ሜኑ ሥር ነው። ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ አድራሻ 192.168.0.1 ሲሆን፣ ለሌሎች የሚያድለው ከ192.168.0.100 እስከ 199 ያለውን ነው። መጀመሪያ ፕሪንተሩን አብርታችሁ «ዲኤችሲፒ ክላየንትስ ሊስት» የሚለውን ክፈቱና ማክ አድራሻውን (የዕቃውን መለያ ቁጥር) ከዚያ ቅዱ። ከዕቃው ጀርባ ካለው ወረቀት መገልበጥ ያሳስታል፤ የገመዱና የዋይፋዩ ማክ የተለያዩ ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ አንድን አይፒ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚይዘው «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ገብታችሁ «አድ ኒው» በሉ፣ ማኩንና የምትፈልጉትን አይፒ አስገብታችሁ ሴቭ አድርጉ። አረንጓዴው የድሮ ገጽ ማኩ በሰረዝ ተለያይቶ እንዲጻፍ ይፈልጋል፣ በሁለት ነጥብ ከጻፋችሁት አይቀበልም። እሱ ላይ ራውተሩ ሪቡት ካልተደረገም የሞላችሁት አይሠራም፤ ብዙ ሰው «እምቢ አለኝ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። «አይፒ ኤንድ ማክ ባይንዲንግ» የሚለው ገጽ ሌላ ነገር ስለሆነ አትንኩት።

ስልክ ላይ ጉዳዩ ይለያል። አንድሮይድ 10ና አይኦኤስ 14 እንዲሁም ከእነሱ ወዲህ የመጡት ለዋይፋይ የሚያሳዩት እውነተኛውን ሳይሆን ራሳቸው የፈጠሩትን ማክ ነው። ዋይፋዩን «ፎርጌት» ብሎ እንደገና የገባ ስልክ በአዲስ ማክ ሊመጣ ስለሚችል ሪዘርቬሽኑ ይቀርበታል። ለነገሩ ስልክ ቋሚ አድራሻ ምን ያደርግለታል?

አድራሻውን ራውተሩ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ መሙላት የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ከ2 እስከ 99 ካለው ይምረጥ። ከ100 በላይ ከሆነ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ሊሰጠውና ሁለቱም ሊቆራረጡ ይችላሉ። ጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው በር) 192.168.0.1 ነው። ዊንዶውስ 10 ሴቲንግ ውስጥ «ሰብኔት ፕሪፊክስ ሌንግዝ» ሲል የሚፈልገው 24ን ነው፤ 255.255.255.0 ብትጽፉ ሴቭ አያደርግም። ፒንግ (ግንኙነት መሞከሪያው ትዕዛዝ) እየመለሰ ድረ ገጽ አልከፍት ካለ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን) ባዶ ትታችሁታል ማለት ነው፤ እዚያም የራውተሩን አድራሻ ጻፉበት።

ካሜራ የራሱ ጣጣ አለው። የሂክቪዥን ካሜራ ከካርቶን ሲወጣ 192.168.1.64፣ የዳሁዋ ደግሞ 192.168.1.108 ነው። ራውተሩ ያለው 192.168.0 ላይ ስለሆነ አይተያዩም። ራውተሩን ወደ 192.168.1 መለወጥ የሚቀል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሞደም ራሱ 192.168.1.1 ስለሆነ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት አድራሻ ይገጥመውና ራውተሩ ይምታታል። የሚሻለው የላፕቶፑን የገመድ አይፒ ለጊዜው 192.168.1.50 አድርጎ ከካሜራው ጋር በገመድ ማገናኘት፣ የካሜራውን አድራሻ በብራውዘር ገብቶ ወደ 192.168.0.20 መቀየር፣ ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ለሂክቪዥን «ሳድፕ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያቀለዋል።

ከሞደሙ የሚመጣው ገመድ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ መሰካቱንም እዩ። ከአራቱ በአንዱ ከተሰካ ሞደሙም ራውተሩም አድራሻ ያድላሉ፣ ሪዘርቬሽኑም አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም።

ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) የምትገዙ ከሆነ 841ኤን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው 9 ቮልት 0.6 አምፒር ነው። የፋይበር ሞደም ግን አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ ገመዶቹን አታቀያይሩ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ሪዘርቬሽን ከቤት ውጭ አይሠራም። ካሜራውን መርካቶ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ከኔት አቅራቢው ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ) ይግዛ፣ ወይም የሂክቪዥኑን ሂክ-ኮኔክት፣ የዳሁዋውን ዲኤምኤስኤስ አፕ ስልኩ ላይ ይጫን፤ ለቤት ሁለተኛው ይበቃል።