የእግር መንገድ ክርክር በጎጃም፦ ሽማግሌ፣ የቀበሌ ኮሚቴ ወይስ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት?

ወደ ጮቄ መውጫም ይሁን ወደ ጢስ ዐባይ፣ የሕዝብ የእግር መንገድ በገበሬ ማሳ ሊያልፍ ሲታሰብ መንገዱን የሚጠላ ሰው ብዙ የለም። የሚያጣላው ስፋቱ ነው። 2 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ማሳውን 300 ሜትር ቢያቋርጥ 600 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ጥማዱን በሩብ ሄክታር ብናስበው የጥማድ ሩብ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሁለት ጥማድ ላለው አባወራ ይህ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሦስቱንም አገልግሎቶች የመዘንናቸው ያስገኙት ስምምነት ክረምቱን ይሻገራል ወይ በሚል ነው።

ፈጣኑም ርካሹም ሽምግልና ነው። አዋጅ ቁጥር 456/1997ም የመሬት ክርክር መጀመሪያ በስምምነት፣ ካልሆነም ተከራካሪዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲያልቅ ይል ነበር። ጥሩ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው አይፈርዱም፤ መሬቱን በእግራቸው ይረግጣሉ። ጊዜው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ገላጣ ሲሆን። ለዘመናት የተረገጠ አፈር ቢታረስም እንኳ ጓሉ ትልልቅና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፤ አሮጌ የቀጋ አጥርም የመንገዱን የቀድሞ ዳር ይናገራል። ማረሻው በየዓመቱ አንድ ትልም ከገፋ በአሥር ዓመት መንገዱ ማሳ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙው ጠብም ከዚሁ ይመጣል።

የሽምግልናው ድክመት ልኬቱ ነው። «ከግራሩ እስከ ድንጋዩ» ተብሎ የተጻፈ ውል ግራሩ ሲቆረጥና ድንጋዩ ሲነሣ አብሮ ይፈርሳል። ሌላም አለ፦ የመሬት ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ሆኖ ሳለ ባል ብቻ ይፈርማል፤ በዓመቱ ሚስት «አልተስማማሁም» ትላለች፣ እውነቷንም ነው። መሬቱን በእኩል የሚያርስ ካለ እሱም ይጠራ፤ ግብጦው ወይም ገብሱ የሚረገጥበት እሱ ነው።

የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ሰዉንም ታሪኩንም ያውቃል። ግን ከአባላቱ የአንዱ ወገን ዘመድ ወይም አዋሳኝ የሆነ አይጠፋም፤ ያ ሰው ገና ከመጀመሪያው እንዲነሣ መጠየቅ አለበት፤ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ቢጠየቅ ቂም ብቻ ያተርፋል። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ቅጂው ለሁለቱም ወገን ይድረስ።

ወረዳው ዘገምተኛ ነው፤ «ዛሬ ነገ» የተለመደ ነው። ያም ሆኖ መታለፍ የለበትም፤ ካርታው እዚያ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ደብተር፣ ማለትም ማሳው ተለክቶ ካርታ በወጣለት የይዞታ ደብተር፣ የተመዘገበ ማሳ ከሆነ የማሳውን መለያ ቁጥር ይዞ ሄዶ አንድ ነገር ማጣራት ነው፦ መንገዱ በካርታው ላይ ለብቻው ተሥሏል ወይስ በማሳው ውስጥ ተውጧል? ለብቻው ከተሣለ የወል መሆኑን ማስረዳት ይቀላል። ከተዋጠ ግን ገበሬው በእጁ ማስረጃ አለውና በድርድር እንጂ በግፊት አይሆንም። ባለሙያው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ብቻ ይዞ ከመጣ አትቀበሉ። መሣሪያው ጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ የምንከራከረው ደግሞ በ2 ሜትር ነው። ሜትር ይዘርጋ፣ ልኬቱ በንድፍ ይውጣ፣ ንድፉ ከሽማግሌዎቹ ውል ጋር ተያይዞ በፋይሉ ይቀመጥ።

መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የሚያስለቅቅ ከሆነ ነገሩ የሽምግልና መሆኑ ቀርቶ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይታያል። ካሳ ይከፈላል፤ ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ይህን ቀን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው።

ምርጫችን የሽማግሌዎቹ ውል ከወረዳው ልኬት ጋር ተጣምሮ ነው። ከፊርማው በኋላ የሚቀረው የአካፋ ሥራ ነው። ሐምሌ ላይ መንገዱ ሲጨቀይ እግረኛው ጭቃውን ሸሽቶ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ መንገዱም በየሳምንቱ ይሰፋል። በላይኛው ዳር የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፣ ረግረጉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ፤ የወሰን ድንጋዮቹም ከግማሽ በላይ ይቀበሩ። ይህን ሁሉ ሰኔ ከመግባቱ በፊት።